ዕውቀት ይቆጠራልን?

ቢብሊዮሜትሪክስ ጽሑፎችን እየቆጠረ የዕውቀትን አካሄድ የሚያጠና ዘርፍ ነው። ማን ከማን ጋር እንደጻፈ፣ ማን ማንን እንደጠቀሰ፣ የትኛው ርዕስ በየትኛው ዘመን እንደበዛ ይመዘግባል፤ መዝገቡንም ወደ ካርታ ይለውጠዋል። በካርታው ላይ ነጥቦቹ ጸሐፊዎች ወይም ተቋማት፣ መስመሮቹ የጋራ ሥራዎች ናቸው። ዩጂን ጋርፊልድ ፊላደልፊያ ላይ ያቋቋመው ተቋም የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ በ1960ዎቹ፣ የማኅበራዊ ሳይንሱን ደግሞ በ1973 አወጣ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጋርፊልድ ያሰበው ተመራማሪ የሚፈልገውን ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን መፈለጊያው መመዘኛ ሆነ፤ የመምህራን ዕድገትም የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃም በጥቅስ ብዛት ይለካ ጀመር። የፍልስፍናው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተቆጠረ ዕውቀት እንደሌለ ይወሰዳልን?

ጅቡቲ ከተማ ይህን ጥያቄ ለመፈተን ትመቻለች። አገሪቱ በ1977 ከፈረንሳይ ነፃ ወጣች፤ የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል የተከፈተላት በ2000 ሲሆን፣ እሱም በ2006 የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያ በፊት ዲግሪ የፈለገ ወጣት ከአገር መውጣት ነበረበት፤ ብዙዎችም የሄዱት ፈረንሳይ ነው። የትብብር መስመር ከእንዲህ ያለ ታሪክ ይወለዳል፤ አብሮ የተማረ አብሮ ይጽፋልና። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም መጽሐፍ ነው፤ አሚና ሰዒድ ሽሬ አስተባብረው በ2013 እንዳሳተሙት ስለ ዘመናዊቷ ጅቡቲ የሚያትት ሥራ። ታላላቆቹ ማውጫዎች ደግሞ ወደ እንግሊዝኛና ወደ ጆርናል ያደላሉ። የባቡር ሐዲድ ከ1917 ጀምሮ ጅቡቲን ከአዲስ አበባ አገናኝቷል፤ ነገር ግን አንዱ ከተማ በፈረንሳይኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ጎረቤታሞቹ ምሁራን እርስ በርስ ለመነባበብ ይቸገራሉ። ካርታው እንዲህ ያለውን ክፍተት ሲያሳይ በእርግጥ ይጠቅማል።

የማያሳየው ግን ይበልጣል። ሔር ኢሴ የሚባለው የኢሳ ሶማሌዎች ሕግ በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ በቃል ሲተላለፍ ኖሯል፤ ስለ ደም ካሳ፣ ስለ ኢሳዎች ባህላዊ መሪ ስለ ኡጋዙ ሥልጣን፣ ስለ ሰዎች እኩልነት ይደነግጋል። ዓሊ ሙሳ ኢዬ «የዛፉ ፍርድ» በሚል ርዕስ በፈረንሳይኛ ባወጡት መጽሐፍ አጥንተውታል። በ2024 ደግሞ በሦስቱ አገሮች ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ሦስት አገሮችን ያስተባበረ ማኅበራዊ ዕውቀት ነው። ሆኖም ከዛፍ ሥር ሕጉን የሚያስታውሰው ሽማግሌ የግርጌ ማስታወሻ ስለማይጽፍ በካርታው ላይ ነጥብ አይሆንም።

ይህ ጉድለት ከቆጠራው ዘመን በፊትም ነበር። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652ም ጀርመን ወዳለችው ጎታ ሄደው የኢትዮጵያን ቋንቋ፣ ታሪክና ሃይማኖት አስረዱት። በ1681 የታተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የወጣው በሉዶልፍ ስም ነው። ሉዶልፍ ውለታውን አልካደም፤ የአባ ጎርጎርዮስን ስም በመጽሐፉ አንስቷል፣ ምስላቸውንም አሳትሟል። ምስጋና ግን በቢብሊዮሜትሪክስ ደራሲነት አይደለም። ዛሬም የአፋርኛና የሶማሊኛ አስተርጓሚዎች፣ መንገድ መሪዎችና መረጃ ሰጪዎች የሚጠሩት በምስጋናው ገጽ ብቻ ነው። ያለ እነሱ ጥናቱ ባልኖረ ነበር።

ስም ራሱ ለቆጠራ አይመችም። ማውጫዎቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሕዝብ ነው፤ ኢትዮጵያዊውና ጅቡቲያዊው ግን የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ማውጫው የመጨረሻውን ስም ይዞ የባለቤቱን በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል፤ በዚህም ብዙ ሙሐመዶች አንድ ሰው ይሆናሉ። በአንጻሩ ስሙ አንድ ጊዜ በፈረንሳይኛ፣ ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሆሄ የተጻፈ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ይህን ለማቃናት የታሰበ ነው።

ቁጥር ቁጥርን ይወልዳል። ሶሺዮሎጂስቱ ሮበርት ሜርተን በ1968 እንደጻፈው፣ ስመ ጥሩ ተመራማሪ ለተመሳሳይ ሥራ የበለጠ ክብር ያገኛል። ክስተቱንም ላለው እየተጨመረ ከሌለው የሚወሰድበትን የወንጌል ቃል አስታውሶ «የማቴዎስ ውጤት» አለው። ብዙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ስለተጠቀሰ ብቻ እንደገና ይጠቀሳል፤ የጥቅስ ብዛትና የእውነት ክብደት የሚለያዩት በዚህ ነው።

ታዲያ ብዛትን ከክብደት እንዴት እንለይ? አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም በሆነባት ጅቡቲ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐዲስ፣ ማለትም የነቢዩ ሙሐመድን ቃልና ተግባር የሚዘግቡ ትውፊቶች፣ ሊቃውንት ቃሉን ማን ከማን እንደሰማው እስከ ነቢዩ ድረስ የሚዘረዝረውን ሰንሰለት፣ ኢስናድን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት መርምረዋል። እነሱም ይቆጥሩ ነበር፤ በብዙ ሰንሰለት የመጣውን ሙተዋቲር ብለው ከሌላው ለይተዋል። በጥቂት ሰዎች የመጣውን ግን በማነሱ ብቻ አልጣሉትም፤ የእያንዳንዱን አስተላላፊ ታማኝነትና የማስታወስ ችሎታ መዘኑ እንጂ። ከሊቃውንቱ አንዱ የሆኑት አል ቡኻሪ ደግሞ አስተማሪውና ተማሪው በአካል መገናኘታቸው እንዲረጋገጥ ይሹ እንደነበር ይነገራል። የዛሬው ካርታ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ስለሰፈሩ ብቻ መስመር ያሰምራል፤ በእውነት አብረው መሥራታቸውን አይጠይቅም።

ስለ ምርምር ምዘና በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ቁጥር የባለሙያን ፍርድ እንዲደግፍ እንጂ እንዳይተካ፣ ለአካባቢ የሚበጅ ምርምርም እንዲጠበቅ አሳስቧል። ትክክል ነው፤ የሚፈጸመው ግን ዳኞቹ ካነበቡ ነው። የጅቡቲም ሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራኑን ሲያሳድግ ጥቅስ ከመቁጠሩ በፊት ሥራቸውን፣ በተጻፈበት ቋንቋ፣ ያንብብ።