ስለ ተሰፋ ሥዕል፤ ብዙውን ዕይታ አንድ ማድረግ ሐሰት ነውን?

ሰው ከአንድ ስፍራ ቆሞ አገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት አይቻለውም። ሰማዩ በጠራ ቀን በገላን ከፍ ካለ ስፍራ ቢቆም፥ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሲመልስ የረርን ያያል፤ ወደ ደቡብ ሲመልስ ዝቋላን፥ ወደ ምዕራብ ሲዞር ፉሪንና ወጨጫን፥ ወደ ሰሜን ሲዞር እንጦጦን ያያል። የረርን በሚያይበት ቅጽበት ግን እንጦጦ ከኋላው ነው። ይሁን እንጂ ወደ ቤቱ ሲገባ «አገሩን ዙሪያውን አየሁ» ይላል፤ የሚሰማውም ሰው ሐሰተኛ አይለውም። ስለ ምን ቢሉ፥ አራቱን ዕይታ አንድ አድርጎ የሰፋው ልቡናው ነውና።

ይህን የልቡና ሥራ ዛሬ ካሜራ ይሠራዋል። ብዙ ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አንሥቶ፥ ዳርና ዳራቸውን በኮምፒውተር ገጥሞ አንድ ሰፊ ሥዕል ማድረግን ፓኖራማ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ «ፓን» ሁሉ፥ «ሆራማ» ዕይታ ማለት ነው። ነገሩም ከፎቶግራፍ ይቀድማል። በኤዲንብራ ይኖር የነበረው ሠዓሊ ሮበርት ባርከር ተመልካቹን ዙሪያውን የሚከብ ሥዕል ለመሥራት የብቻ መብት ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1787 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ፎቶግራፍ ለዓለም የተገለጠው በ1839 ነው። የሚጋጠሙትን ሥዕሎች ራሱ ፈልጎ የሚያገጣጥመውን ስልት ማቲው ብራውንና ዴቪድ ሎው በካናዳ ሳሉ በ2003 አሳተሙት። አሁን በኪስ ስልክ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ዓይን በአንድ ቅጽበት ያላየውን፥ ካሜራም በአንድ ቅጽበት ያላነሣውን ሥዕል «እነሆ ገላን» ብሎ ማሳየት እውነት ነውን፥ ወይስ ሐሰት?

ለመፍረድ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል። ተማሪው ካሜራውን በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ያቆማል፤ ውሃ ልኩንም ያስተካክላል። ከዚያም ከግራ ወደ ቀኝ ጥቂት በጥቂት እያዞረ ያነሣል፤ የኋለኛው ሥዕል የፊተኛውን ሢሶ ያህል ይደግማል። የተደገመው ክፍል ለግራውም ለቀኙም የጋራ ነው። በቅኔ ቤት አንዱ ኅብረ ቃል ለሰሙም ለወርቁም እንዲያገለግል፥ ይህም ለሁለቱ ሥዕሎች ኅብራቸው ነው፤ እርሱ ከሌለ መጋጠሚያ የለም።

ሁለተኛው የብርሃን ልክ ነው። በማለዳ የረር ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ይጨልማል፤ ፉሪ ግን ፀሐይን በፊቱ ተቀብሎ ያበራል። ካሜራው በዞረ ቁጥር አዲስ ልክ ቢይዝ ሰማዩ እንደ ተጣፈ ልብስ ይዥጎረጎራል። ስለዚህ አንድ ልክ መርጦ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ግድ ነው። ዳኛም በየባለ ጉዳዩ ፊት ሚዛኑን ቢለውጥ ፍርዱ እንደዚሁ ዝንጉርጉር ይሆናል።

ሦስተኛው የቆሙበት ነጥብ ነው። ጣትህን ከፊትህ አቁመህ አንዱን ዓይንህን፥ ቀጥሎም ሌላውን ብትጨፍን ጣትህ ከስፍራው የዘለለ ይመስልሃል። እንዲሁም ካሜራው ሲዞር ብርሃን በመነጽሩ የሚገባበት ነጥብ ከተንሸራተተ፥ የቅርቡ አጥር ከሩቁ ተራራ ጋር አይገጥምም።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆም ቢሠራ ሥዕሉ ከዓይን ይለያል። ክቡ ዕይታ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ፥ ቀጥ ብሎ ወደ አዳማ የሚሄደው መንገድ እንደ ቀስት ሊጎብጥ ይችላል። ይህ የእጅ ጥፋት አይደለም፤ ድቡልቡሊቱን ምድር በካርታ ላይ የሚዘረጋም ሰው አንዱን ለማቅናት ሌላውን ማጉበጥ ግድ ይሆንበታል።

«እንዲህ ከሆነ የተሰፋ ሁሉ ሐሰት ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን መስፋት ብቻውን ሐሰት አይሆንም። ብራና ፋቂ ቆዳው በተቀደደበት ይሰፋዋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ሳይሸሽግ ዙሪያውን ይጽፋል፤ በዚህ ምክንያት መጽሐፉን የጠላ የለም። በ1896 የሆነውን የዓድዋን ጦርነት የሣሉ የአገራችን ሠዓልያንም የቀኑን ውሎ በአንድ ሸራ ላይ ሰበሰቡት፤ ወገንን በሙሉ ፊት፥ ጠላትን በጎን አደረጉት። ሕጉን ሣዩም ተመልካቹም ስለሚያውቁት ማንም ሐሰት አላለውም።

ታዲያ ሐሰቱ የት ይገባል? በመጋጠሚያው ይገባል። ካሜራው ሲዞር በማሳው ያለው ገበሬም ከበሬዎቹ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ በተሰፋው ሥዕል አንዱ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ወይም እኩሌታው ይቀርና በሬው ያለ ሰው ያርሳል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ለሠሪው ምርጫ ይሰጠዋል። አንዱን አስቀርቶ ድጋሚውን ቢያጠፋ እውነትን ጠበቀ፤ ሰውየው አንድ ነበረና። ሥዕሉ እንዲያምር ሁለቱንም ቢያጠፋ ግን፥ ሰው የሚያርሰውን ምድር ባዶ ነው ብሎ መሰከረ።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ገላን እንደ ሰበታ፥ እንደ ቡራዩና እንደ ሱሉልታ ከአዲስ አበባ ጋር የተዋሰነች ናት፤ የእርሻ መሬቷ ለፋብሪካና ለመኖሪያ ቤት ሲውል ኖሯል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ባዶ ሜዳ የሚያሳይ ሥዕል የጌጥ ነገር ብቻ አይሆንም፤ ነገ «ማን ነበረበት?» ሲባል «ማንም» ብሎ የሚመልስ ምስክር ይሆናል። ፋብሪካውንና የመብራቱን ምሰሶ አጥፍቶ የጥንቱን ለምለም ገጠር የሚያሳይም ቢሆን በዚያው ፍርድ ይያዛል።

«ፎቶግራፍ ሁሉ አንዱን አስገብቶ ሌላውን ያስቀር የለምን?» ቢሉ፥ እውነት ነው። ነገር ግን ከዳር ውጭ የቀረውን ሥዕሉ አልካደውም፤ ዳር እንዳለው ሁሉ ያውቃልና። ከዳር ውስጥ የጠፋውን ግን ክዶታል። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት በየካቲት 1982 የግብፅን ፒራሚዶች ከሽፋኑ ጠባብ ወርድ ጋር ለማስማማት አቀራርቦ ባሳተመ ጊዜ ወቀሳ ያገኘው ስለዚህ ነው።

ፓኖራማማ ከሁሉ ይልቅ ዕዳ አለበት። ሌላው ፎቶግራፍ «ይህን አየሁ» ይላል፤ እርሱ ግን በስሙ «ሁሉን አየሁ» ይላል። ሁሉን አየሁ ያለ ምስክር አንድ ሰው ቢደብቅ፥ ጥቂት አየሁ ካለው ይልቅ ይበድላል። እንግዲህ ይህን ጥበብ የሚማር ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ከየት ቆሞ፥ በምን ቀንና ሰዓት፥ ስንት ሥዕል እንደ ሰፋና ምን እንዳስወገደ ይጻፍ፤ ያልተሰፉትንም ሥዕሎች ያኑር። ስፌቱ እስኪሰወር ድረስ ቢያምር የእጁ ሙያ ነው፤ በስፌቱ ውስጥ ሰው ከተሰወረ ግን የኅሊናው ዕዳ ነው።