ሁለት ሆኖ ከምርጫ ማምለጥ ይቻላልን?

«ምነው ሁለት በሆንኩ!» ያላለ ሰው ማን አለ? አንዱ እኔ ይማር፣ ሌላው እኔ ቤተሰብ ይርዳ፤ አንዱ ይሂድ፣ ሌላው ይቅር። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ሲሉ ስለ ባላው መከሩን እንጂ፣ ተካዩ ምንጊዜም አንድ ነው። ይህን ምኞት በቀልድ መልክ እስከ መጨረሻው የወሰደ አንድ የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ አለና እሱን ይዘን ጥቂት እንከራከር።

ታሪኩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ«ሱፐርማን» መጽሔት 162ኛ ቁጥር ላይ ነው። ጸሐፊው ሊዮ ዶርፍማን፣ ሠዓሊው ከርት ስዋን ናቸው። ሱፐርማን ሳይፈጽማቸው የቀሩት ሥራዎች ቢያሳስቡት አእምሮውን የሚያሰፋ ማሽን ይሠራል። ማሽኑ ያሰበውን ያደርግለታል፤ ግን ሳይታሰብ ሰውየውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ቀይ ለባሽ፣ ሌላው ሰማያዊ ለባሽ። ከዚያማ ምን ይሳናቸዋል! የጠፋችውን የትውልድ ዓለማቸውን ክሪፕተንን እንደገና ይሠራሉ፤ በጠርሙስ ታሽጋ የኖረችውን የካንዶርን ከተማ ወደ ቀድሞ መጠኗ ይመልሳሉ። «ሎይስን ላግባ ወይስ ላናን?» የሚለው የዓመታት ጣጣም ያልቃል፤ ቀዩ ሎይስን፣ ሰማያዊው ላናን ያገባል። ሁሉም ሠርግና ምላሽ ይሆናል።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ? እኛ አልመሰለንም። ቀዩ ከሎይስ ጋር ወደ አዲሱ ክሪፕተን ይሄዳል፤ ሰማያዊው ከላና ጋር ምድር ላይ ይቀራል። ቀዩ ምድርን አጣ፣ ሰማያዊው ክሪፕተንን አጣ። ሁለት ሰዎች ሆኑ እንጂ ሁለት ሕይወት የኖረ አንድም ሰው የለም።

ይህን እንኳ ቀልድ ነው ብለን እንለፈው። የሚከብደው ሌላው ነው። ሁለቱ ጀግኖች ክፋትን ከሰው ልብ የሚያጠፋ ጨረር ሠርተው ከሳተላይት ይለቁታል። ወንጀለኛው ሁሉ ባንዴ ደግ ይሆናል። ክሩስቾቭ ሚሳይሎቹን ባሕር ውስጥ ያስጥላል፤ ካስትሮ እስረኞቹን ይፈታል። የኩባ የሚሳይል ቀውስ ዓለምን ያስጨነቀው በ1962 ነበርና፣ በዓመቱ ይህን ያነበበ ልጅ እፎይ ቢል አንፈርድበትም። ባላንጣው ሉተር እንኳ ተለውጦ በሽታን ሁሉ የሚፈውስ መድኃኒት ያገኛል።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ «ምን አጠፉ? ልጇ የተገደለባት እናት ‹የገዳዩ ነፃ ፈቃድ ይከበር› ትላለች እንዴ?» ብሎ አፋጠጠን። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በፍልስፍና ቃላት ተከልለን የምናልፈው አይደለም። መልሳችን ይህ ነው፤ የገዳዩን እጅ መያዝ ሌላ፣ ልቡን መቀየር ሌላ። እጁን የተያዘ ሰው ነገ ይጸጸት ይሆናል፤ እናቲቱ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቅ ይሆናል። ጨረር የነካው ግን ደግነቱ የጨረሩ እንጂ የራሱ አይደለም። እሷም ይቅር የምትለውን ሰው ታጣለች።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሁለት በመሆን ከምርጫ የተገላገለው ጀግና፣ የሌላውን ሁሉ ምርጫ ወሰደ። በዚህ እሱን ብቻ አንውቀስ። ክርክር ላይ ማስረዳት ሲያቅተን፣ ያልተስማማንን ጓደኛ ልቡን በአንድ ሌሊት ብንቀይረው ደስ የሚለን እኛም ነን። ቃል ሲያጥረን ጨረሩ ያምረናል።

አሳታሚው ታሪኩን «ምናባዊ» ብሎ ስለሰየመው ከዋናው የሱፐርማን ታሪክ አልተቆጠረም። ከዚያ በኋላ በወጡት ቁጥሮች ሱፐርማን አንድ ነው፤ ሎይስና ላናም እንደ ጠበቁ ናቸው፤ ሉተርም ያው ክፉ ነው። መጽሔት ሻጩ ይህን ያደረገው ለገበያው ይሆናል። እኛ ግን ያንን መድኃኒት እያጣንም ቢሆን ክፉውን ሉተር እንመርጣለን፤ አንድ ቀን በገዛ እግሩ ሊመለስ የሚችለው እሱ ብቻ ነውና።