ስለ ዋስትና ቃልና ስለ ተሰወረ ጕድለት

በኢትዮጵያ የጥንት ልማድ ዋስ የሚባለው ራሱን በሌላው ሰው ቦታ የሚያቆም ነው። ተበዳሪው ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል፤ ተከሳሹ ቢሸሽ ዋሱ ይያዛል። ስለዚህ የዋስ ክብር ቃሉን በሰጠበት ቀን ሳይኾን ነገር በተበላሸበት ቀን ይታወቃል። ነገር ሳይበላሽ ዋስ መኾን ለማንም አይከብድም፤ በበጋ ወራት ቆሞ «ወንዙን አሻግርሃለሁ» እንደ ማለት ነው።

በዛሬው ዘመን ይህ ስም ወደ ንግድ ገብቷል። አውቶሞቢል የሚሠራ ኩባንያ ለገዢው ከመኪናው ጋራ አንድ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ጽሑፉም እስከዚህ ዓመትና እስከዚህ ርቀት ድረስ በአሠራር ጕድለት የተበላሸውን ያለ ዋጋ እናድሳለን የሚል ነው። ስሙም ዋስትና ይባላል። ነገር ግን ከጥንቱ ዋስ የሚለይበት ነገር አለ። የጥንቱ ዋስ የሚዋሰው ለሌላ ሰው ነበር፤ ኩባንያው ግን ለገዛ እጁ ሥራ ራሱ ዋስ ኾነ። ዕቃው በተበላሸም ጊዜ ዕዳው ይድረሰኛል ወይስ አይድረሰኝም ብሎ በመጀመሪያ የሚፈርደው እሱው ነው። ዋሱም ዳኛውም አንድ በኾነበት ስፍራ ፍርድ እንዴት ይቀናል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከአውቶሞቢል ሞተር አንዲት ትንሽ ዕቃ ወስዶ መመልከት ይበቃል።

ሞተር ቤንዚኑን ከአየር ጋራ አቃጥሎ ፒስቶኑን ወደ ታች ይገፋል። በፒስቶኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች የተቃጠለውን ጋዝ ከላይ ይከለክላሉ፤ ነገር ግን ፈጽመው ሊዘጉት ስለማይችሉ ጥቂቱ ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ይህም ትነት ውሃና ያልተቃጠለ ቤንዚን፥ ብረትንም የሚበላ አሲድ የተቀላቀለበት ነው። መውጫ ካላገኘ ኹለት ጥፋት ያመጣል። አንደኛው፥ ግፊቱ እየበረታ ሄዶ ዘይቱን የሚከለክሉትን ማሸጊያዎች ገፍቶ ያወጣል፤ ዘይቱም ይፈስሳል። ኹለተኛው፥ ከዘይቱ ጋራ ተዋሕዶ ዘይቱን እንደ ረጋ ሙጫ ያደርገዋል፤ የዘይቱም መሄጃ በተደፈነ ጊዜ ብረት ከብረት ጋራ ያለ ቅባት ይፋተጋል፤ በመጨረሻም ሞተሩ ይሞታል።

በቀድሞ ዘመን ይህ ትነት በአንድ ቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። የሎስ አንጀለስ ከተማ አየር በጢስ በታፈነ ጊዜ ግን ነገሩ ተመረመረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ሞዴል በካሊፎርኒያ፥ በ1963 ሞዴል ደግሞ በመላው አሜሪካ በሚሸጡት አዳዲስ መኪኖች ትነቱን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያስቃጥል መተንፈሻ ይገባ ጀመር። የዚህ መተንፈሻ በረኛ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ናት። በቀድሞዎቹ ሞተሮች በእጅ ነቅሎ ማየትና መለወጥ ይቻል ነበር፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ግን ከክዳኑ ጋራ አንድ ኾና ስለምትሠራ ባለቤቱ መኖርዋን እንኳ አያውቅም። በብርቱ ብርድ አገርም በትነቱ ውስጥ ያለው ውሃ በቱቦው ውስጥ በረዶ ኾኖ መውጫውን ሊዘጋው ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው ማልዶ ሥራ ለመሄድ ሞተሩን ያስነሣል፤ ጥቂት መንገድ ሳይሄድም ዘይቱ ኹሉ ከበታቹ ይፈስሳል።

ባለቤቱ ጽሑፉን ይዞ ወደ ሻጩ በሄደ ጊዜ ሦስት ዐይነት እንቢታ ሊገጥመው ይችላል። አንዱ «ዘመኑ አልፏል» የሚል ነው። ኹለተኛው «ይህ ዕቃ በጽሑፉ አልተቈጠረም» የሚል ነው። ሦስተኛው «ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ዘይቱን በጊዜው አልለወጥህም» የሚል ነው። እነዚህ ሦስቱ በውጤት አንድ ቢኾኑ በግብር ግን የተለያዩ ናቸውና እያንዳንዳቸውን ለብቻ መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው እንቢታ መራራ ቢኾንም እውነተኛ ነው። በአሜሪካ በ1990 የተሻሻለው የአየር ንጽሕና ሕግ ጢስን ለሚቀንሱ ዕቃዎች ሻጮች ሊሰጡት የሚገባውን ዋስትና ለይቶ ወስኗል። የጢስ ማጣሪያውና ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክ ሣጥን 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ተሰጣቸው፤ የቀሩት ግን፥ የመተንፈሻው ቫልቭ ሳይቀር፥ 2 ዓመት ወይም 24,000 ማይል፥ ማለት 38,600 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞተሩን ለመግደል የምትችለው ትንሽ ዕቃ አጭሩን ዘመን ማግኘትዋ ያሳዝናል፤ ኾኖም ወሰኑ አስቀድሞ ለኹሉም የታወቀ ነው። ወሰን ያለው ቃል የታጠፈ ቃል አይደለም። ለዘላለም የሚዋስ ሰው ቢኖር ቃሉን የሚያምነው የለም፤ ለዚያም የሚከፈለው ዋጋ በገዢዎች ኹሉ ላይ ይጫናልና።

ኹለተኛው እንቢታ የሰምና ወርቅን ነገር ያሳስባል። መኪናው በሚሸጥበት ቀን ለገዢው የሚነገረው ወርቁ ነው፤ ይኸውም «ይህ ሞተር አያሳፍርህም» የሚል ነው። በተበላሸበት ቀን ግን የሚነበብለት ሰሙ ብቻ ይኾናል። ቫልቭዋ በአገልግሎት የምታልቅ ዕቃ ናት፤ ሞተሩም የሞተው በቫልቭዋ ምክንያት ስለ ኾነ በዋስትናው አይገባም ይባላል። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥበብ አይቀበለውም። ሰም የሚሠራው ወርቁ በውስጡ እንዲፈስስና እንዲገኝ ነው፤ ወርቁን ለማስቀረት የተሠራ ሰም ግን ቅኔ ሳይኾን ማታለል ነው። የጽሑፉ ቃል የተጻፈው በጽሑፉ ለታመነው ሰው ጥቅም ከኾነ ባጠራጠረ ጊዜ ወደ እሱ ሊተረጐም ይገባል፤ ቃሉን የመረጠው ጸሓፊው እንጂ አንባቢው አይደለምና።

ሦስተኛው እንቢታ ከኹሉ ይከፋል። ስለ ምን ቢሉ፥ የመጀመሪያዎቹ ኹለቱ ገንዘብ ይከለክላሉ፤ ይህ ግን ገንዘብ ከልክሎ ስምም ይነሣል። የተበደለውን ሰው ወንጅሎ ይሸኘዋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚኾን የታወቀ ነገር አለ። ከ1997 እስከ 2002 ሞዴል በተሠሩት አንዳንድ የቶዮታና የሌክሰስ መኪኖች ሞተር ውስጥ ዘይቱ እየረጋ ሞተሩን ማበላሸት ጀመረ። እነዚህ ሞተሮች የነበሩባቸው መኪኖች በአሜሪካ 3.3 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ የተበላሹት ግን ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ኩባንያው በመጀመሪያ ምክንያቱን ዘይትን በጊዜው ካለመለወጥ ሰጠው። ባለቤቶቹ ግን ዘይቱን በሚገባ እንለውጥ ነበር አሉ፤ ምክንያቱ በሞተሩ ሙቀትና በትነቱ መተንፈሻ አሠራር ነው ብለው የተከራከሩም ነበሩ። በ2002 ኩባንያው የአሠራር ጕድለት የለም እያለም መኪናው ከተሸጠበት ቀን አንሥቶ እስከ 8 ዓመት ድረስ፥ የሄደበትን ርቀት ሳይቈጥር፥ ሊያድስ ቃል ገባ፤ ከባለቤቱም ዘይት መለወጡን የሚያሳይ መጠነኛ ማስረጃ ፈለገ። በፍርድ ቤት የቀረበውም ክርክር በ2007 በዕርቅ አለቀ። ከዚህ ነገር የሚገኘው ትምህርት ኩባንያው ክፉ ነበር ማለት አይደለም፤ በመጨረሻ ብዙ ሰጥቷልና። ትምህርቱ ይህ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን በመጣ ጊዜ «ሰነፍ ነህ» ተባለ፤ ብዙ ኾነው በመጡ ጊዜ ግን ያው ነገር መታደስ የሚገባው ኾነ። የሰው ንጽሕና በብዛት የሚለካ ከኾነ ብቻውን የቆመው ሰው ከማን ፍርድ ያገኛል?

እዚህ ላይ ለኩባንያው የሚናገር ሰው ቢነሣ የሚናገረው አያጣም። በእውነት ዘይት የማይለውጡ ባለቤቶች አሉ። ዓመት ሙሉ መኪናውን ሳያስታውስ ኖሮ በተበላሸ ጊዜ ዋስትናውን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት አይደለም። ለሰነፉ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ የሚወጣው ከትጉሁ ኪስ ነው፤ የመኪናው ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምራልና። ስለዚህ ማስረጃ መጠየቅ በራሱ በደል አይደለም።

ይህ ሙግት ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃ መጠየቅ ኹለት ፍች አለው። አንድም እውነቱን ለማወቅ ይጠየቃል፤ አንድም የማምለጫ በር ለመፈለግ ይጠየቃል። በምን ይለያል ቢሉ፥ ማስረጃው በመጣ ጊዜ በሚደረገው ይለያል። ደረሰኙ ሲቀርብ «ይህ ጋራዥ የኛ አይደለም» የሚል፥ ሌላ ደረሰኝ ሲቀርብ ቀኑን የሚቈጥር፥ ቀኑ ሲገጥም የዘይቱን ስም የሚጠይቅ ሰው እውነት ፈላጊ አይደለም። በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ ይህን ተመልክቶ ሻጩ ዋስትናውን በራሱ ጋራዥ ወይም በራሱ ስም በሚሸጥ ዕቃ ላይ እንዳያስር ከለከለ፤ ዕቃውን ወይም ሥራውን ያለ ዋጋ ካልሰጠ ወይም ከመንግሥት ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር። ሕጉን የሚያስፈጽመውም መሥሪያ ቤት ለገዢዎች የሚሰጠው ምክር፥ የሌላ ጋራዥ ሥራ ነው ያበላሸው የሚል ሻጭ ያን ማስረዳት የሻጩ ድርሻ ነው ይላል።

የዚህ ሥርዐት ምክንያቱ ጥልቅ ነው። ማስረዳት የሚገባው ማነው ቢሉ፥ ማወቅ የሚቻለው ነው። ሞተሩን የሣለው ኩባንያው ነው፤ ትነቱ በስንት ግፊት እንደሚወጣ የለካው እሱ ነው፤ ከልዩ ልዩ ከተማ የሚመጣውም አቤቱታ ተሰብስቦ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው የራሱን አንድ መኪና ብቻ ነው፤ የመኪናውንም ሆድ ከፍቶ አላየም። ያላየው ሰው ያየውን ሰው እንዲያስረዳ ማዘዝ ዕውርን መንገድ ምራኝ ማለት ነው። ስለዚህ ኩባንያው ሰነፉን ባለቤት ሊከስስ ቢወድ ይክሰስ፤ ነገር ግን ስንፍናውን እሱ ያስረዳ፤ ያላስረዳውንም አይናገር።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ2017 ቢኤምደብልዩ የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ከ2007 እስከ 2011 ሞዴል ከነበሩት መኪኖቹ 740,000 ያህሉን ጠራ። ምክንያቱ ይህችው ቫልቭ ነበረች። በብርድ እንዳትዘጋ ማሞቂያ ተደርጎላት ነበር፤ ማሞቂያው ግን በኤሌክትሪክ መጋጨት ቀልጦ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ኾኖ ተገኘ። ከእነዚህ መኪኖች የብዙዎቹ የዋስትና ዘመን ካለፈ ቈይቷል፤ ኾኖም ዕድሳቱ ያለ ዋጋ እንዲኾን ኾነ፤ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ጕድለት በወረቀቱ ዘመን አይወሰንምና። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እሳቱ መኪናውን ሲያቃጥል የሚነቃው ሕግ የሰውየውን እንጀራ ሲያቃጥል ይተኛል። በዋሺንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ ቤተ ሰብ የሚያሳድሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሞተር መሞት የመንገድ እክል ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ነው። «ዘይት አልለወጥህም» የሚለው ቃል በእሱ ላይ ሲወድቅ ክብደቱ ከሌላው ይበልጣል።

በኢትዮጵያም ቢኾን ነገሩ ሩቅ አይደለም። አገልግለው የመጡ መኪኖች የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኩባንያ ዋስትና ነው፤ ገዢው የሚተማመነው በመካኒኩ ጆሮና በሻጩ ቃል ነው። ሞተሩ ጢስ እንዳያሳይ ወፍራም ዘይት ሞልቶ የሚሸጥ ሰው ምንም ወረቀት አልፈረመም፤ ስለዚህ ምንም አላፈረስኩም ሊል ይችል ይኾናል። ነገር ግን በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ኀላፊ እንደ ኾነ ይደነግጋል፤ ሻጩ ጕድለቱን ዐውቆ በተንኰል ከሰወረው ኀላፊነቱን የሚያስቀር ውል እንኳ ቢኖር ውሉ ፈራሽ ነው ይላል። እዚህም ሥሩ ያው ነው፤ ያወቀ ሰው ባላወቀው ላይ ወረቀት መዝዞ ማምለጥ አይቻለውም።

እንግዲህ የዋስ ዕዳው ምንድር ነው ቢባል መልሱ ይህ ነው። ወሰኑን አስቀድሞ በግልጥ ይንገር፤ የነገረውንም ሲደርስ አያጥብበው። የሚያውቀውን ጕድለት ሰው ብዙ ኾኖ እስኪመጣበት ድረስ አይሰውር። እንቢ ማለት ቢኖርበት እንቢ ይበል፤ ነገር ግን እንቢታውን በሌላው ሰው ስም አያስታጥቀው። ገዢውም በበኩሉ ዘይቱን በጊዜው ይለውጥ፥ ደረሰኙን ይጠብቅ፥ የማያውቀውን ጽሑፍ ሳያነብ አይፈርም። ገንዘብ የከለከለ ሰው ከፍሎ ይታረቃል፤ ንጹሑን ሰው ሰነፍ ነህ ብሎ የሸኘ ግን ከገንዘቡ በላይ ይቅርታ ይቀርበታል። ይህም ይቅርታ በየትኛውም የዋስትና ወረቀት ላይ ተጽፎ አይገኝም።