የጠላትን ልብስ መስፋት

ሳንጃ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ከቤት አውጥተው በረንዳ ላይ ያኖራሉ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከእነዚህ አንዱ ናቸው። «ጋሼ» እያልኳቸው፣ ቁልፍ እየተከልኩላቸውና ክር በመርፌ እየሰካሁላቸው ነው ያደግሁት። ጋዜጠኝነት ተምሬ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ እንኳ አገር ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምቀመጠው እዚያች በረንዳ ላይ ነው። ዛሬ ለአንባቢ ላጫውት ያሰብኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ስለገጠመኝ ጥያቄ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ የጠላትን ልብስ አሳምሮ መስፋት ይገባል ወይስ አይገባም?

ነገሩ እንዲህ ነበር። ተማሪዎች የመተማን ጦርነት በትርኢት ሊያሳዩ ተነሡ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ በጥይት መቁሰላቸውን፣ ከዚያም ማረፋቸውን፣ አንገታቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን መወሰዱን በዚያ አገር የማይሰማ ልጅ የለም። ልጆቹ ግን ታሪኩን በቃል ብቻ ሳይሆን በልብስም ሊያሳዩት ፈለጉ። ስፌቱ ለጋሼ ተሰጠ። እኔም «አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ፤ የዘመኑን ልብስ ልኩን ንገራቸው» ተባልኩ።

የእኛ ወገን ልብስ ብዙ አላስቸገረንም። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ሰው እንደ አባቶቹ ለብሶ አደባባይ ሲወጣ እናያለንና ዓይናችን ለምዶታል። የለመደ ዓይን ግን ይሳሳታል። ዛሬ ለበዓል የሚለበሰው ሸማ ጥለቱ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰዎች ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን የጃኖው ሰፊ ቀይ ጥለት ነበር። ዛሬ ለምድና ጎፈር ከነጋዴ ይገዛል፣ ይከራያልም፤ ያን ጊዜ ግን የጀግንነትና የማዕረግ ምልክት እንጂ ማንም ተነሥቶ የሚደርበው አልነበረም። ዛሬ ጫማ እናደርጋለን፤ የዚያን ጊዜ ጭፍራ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። እናም ጋሼ ለንጉሡና ለመኳንንቱ ብቻ ለምድ ሰፉ፤ ለቀሩት ልጆች ነጭ እጀ ጠባብ፣ ሱሪና ኩታ ሆነ። «ሁላችንም ጎፈር እናድርግ» ብለው ያኮረፉ አልጠፉም። ሁሉም ጀግና ከለበሰ ጀግናው በምን ይለያል? ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ።

ችግሩ የመጣው ከወዲያኛው ወገን ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ የሰሊጥ ጆንያ ተሸክሞ መጣና «ለደርቡሾቹ ይኼ ይበቃል፤ አንገቱንና ክንዱን ቀደድ ማድረግ ነው» አለ። እውነቱን ልናገርና እኔም ተስማማሁ። ሴት አያቴ ከአያቷ የሰማችውን እያወረሰች ነው ያሳደገችን። ጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ሲገባ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፣ ሰው ተገደለ፣ ሴቱና ሕፃኑ በምርኮ ተነዳ። በእኛ ቤት «ደርቡሽ» ማለት የሚያለቅስ ልጅ ማስፈራሪያ ነበር። ለዚህ ሰው ጆንያ ቢያንሰው እንጂ መች ይበዛበታል?

ጋሼ ግን ጆንያውን አገላብጠው አዩና «እነዚህ ሰዎች ጆንያ ነበር እንዴ የሚለብሱት?» ብለው ጠየቁኝ። አልነበረም። ከማንበቤ የማውቀውን ሳልወድ ተናገርኩ። የማህዲ ተከታዮች የሚለብሱት ጅባ ይባላል። በሱዳን በእጅ ከሚፈተልና ከሚሸመን ጥጥ የሚሠራ ሰፊ ቀሚስ ነው። ማህዲው ተከታዮቹን የዓለምን ጌጥ ንቀው የተጣፈ ልብስ እንዲለብሱ አዘዛቸው፤ እራፊው የድህነትና የትሕትና ምልክት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን እራፊው ራሱ የደንብ ልብስ ሆነ። ባልተቀደደ አዲስ ቀሚስ ላይ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ ጨርቅ በቀኝም በግራም እኩል ተለክቶ ይጣፍ ጀመር፤ የአለቆቹማ በጥሩ ጨርቅ ያጌጠ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1898 ኦምዱርማን አጠገብ በመትረየስ ከፈጇቸው በኋላ የተወሰዱ ጅባዎች ዛሬም በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይታያሉ።

ጋሼ ሳቅ አሉና «እኛ ቀዳዳ ለመደበቅ እንጥፋለን፤ እነርሱ ለመታየት ጣፉ» አሉ። ከዚያ ጆንያውን ለባለቤቱ መልሰው ሜትራቸውን አነሡ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያህል ስለ ልክ መጨነቅ ምን ይረባል ትሉ ይሆናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865 የተደረገውን የእርስ በርስ ጦርነት በየዓመቱ ለብሰው የሚያሳዩ ሰዎች አሉ፤ ከመካከላቸው የቁልፉን ዓይነትና የስፌቱን ብዛት ሳይቀር እየቆጠሩ ሌላውን የሚነቅፉ ስላሉ «ስፌት ቆጣሪ» የሚል የፌዝ ስም ወጥቶላቸዋል። ፌዙ እውነት አለው። መርፌ ጨርቅን እንጂ ፍርሃትን አይሰፋም። በመተማ ጦርነት ዘመን የነበረውን የክፉ ቀን ረኃብና የከብት እልቂት በየትኛው ልኬት እናሳያለን? ትርኢቱ ሲያልቅ ሟቹ ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህ በኩል ልብሱ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን ሐሰት ነው።

የበረታብኝ ክርክር ግን የመጣው ከአንድ ተማሪ አባት ነው። «ልብሱ ካማረ» አሉ «ልጆቹ ደርቡሽ መሆን ይመኛሉ። የቆሰለ ሰው የአቁሳዩን ልብስ ውበት አያደንቅም።» ይህ የጥላቻ ንግግር አልነበረም፤ ለሟች የመቆርቆር ነገር ነው። ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም።

በመጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ለራስ ክብር የሚያዳላ ነበር፦ ጠላትን ለማኝ ካደረግነው ንጉሠ ነገሥቱን የጣለው ማን ሊሆን ነው? ጆንያ ለባሽ ውርጋጥ? ጠላትን ባሳነስን ቁጥር በእርሱ ፊት የወደቁትንም እናሳንሳለን። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን አልበቃኝም። በዚህ መልስ ጠላት የሚለካው የእኛን ቁመት ለማሳየት ብቻ ነውና።

ሁለተኛው መልስ የመጣልኝ ጋሼ እራፊውን ሲጥፉ እያየሁ ነው። ግራውን ከቀኙ ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ፈቱት። ያን ጊዜ፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በፊት፣ አንዲት ሱዳናዊት ጥጡን ፈትላ፣ አንድ ሰፊ እንዲሁ ጎንበስ ብሎ፣ መተማ ላይ ለሚሞት ሰው ይህን ልብስ ሠርቶ እንደነበር ታየኝ። ልብስ ያለው ሰው የሰፋለት ሰው አለው። ጆንያው የሚሰርዘው ይህን ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ሥዕሎች የዓድዋ አባቶቻችንን እንደ አውሬ መንጋ ሲያሳዩ የምንቆጣው ለምንድር ነው? ሸማውን የፈተለችውን እናት ስለሰረዙብን አይደለም? እንግዲህ በራሳችን ላይ ሲሆን ሐሰት ያልነውን በሌላው ላይ ሲሆን ታሪክ ልንለው አይገባም።

ደግሞም ከጦርነቱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ለደርቡሹ አዛዥ ለሐምዳን አቡ አንጃ ደብዳቤ ልከው፣ ድሃው በከንቱ ከሚያልቅ ታርቀን ከአውሮፓ የሚመጣውን የጋራ ጠላት እንመልስ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። መልሱ ስድብ ሆነ እንጂ። ጎንደር የተቃጠለባቸው ንጉሥ ያን ጠላት እንደ ጎረቤት ሊያዩት ከሞከሩ፣ እኛ ከበረንዳ ላይ ሆነን ጆንያ እናልብሰው ማለታችን ከማን ተምረነው ነው?

ይህን ስል በደሉ ይረሳ ማለቴ አይደለም። ጅባውን ለብሶ የወጣው ልጅ በትርኢቱ ላይ ቤት አቃጥሏል፣ ሴት ማርኳል። አንድም ነገር አልተቀነሰለትም። እንዲያውም በጆንያ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ይስቁበት ነበር፤ በልኩ በተሰፋው ልብስ ሲመጣ ግን ሜዳው ጸጥ አለ። ክፋትን የሚሠራው አስፈሪ ፍጥረት ሳይሆን እናቱ የፈተለችለት፣ ጠዋት ልብሱን አስተካክሎ የወጣ ሰው መሆኑን ማየት ከጭራቅ ተረት የበለጠ ያስደነግጣል። ያ አባት በዚያ ቀን መጥተው አይተዋል፤ ነገር ግን ሲወጡ ምንም አላሉኝም። አሳመንኳቸው ብዬ አልመካም።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ሰዎች በመተማ በኩል ተሰደው መግባታቸውን ስሰማ ትዝ ያለኝ ያ ጅባ ነው። ለጋሼ ስልክ ደወልኩና ልብሱ የት እንደደረሰ ጠየቅኋቸው። «እዚሁ ተሰቅሏል» አሉኝ። «አንዱ እራፊ ለቆ ነበር፤ መልሼ ሰፋሁት።»