ዕዳው የማን ነው?

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ምን ልበላቸው?» አለችኝ ጎረቤቴ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ በር ላይ ቆማ። ባሏን የሚጥል በሽታ ይዞት አልለቅ ብሏል። ዳያዜፓም ተሰጠው፤ እምቢ። ፌኒቶይን ተጨመረ፤ እምቢ። በመጨረሻ በማደንዘዣ አስተኝተው ትንፋሹን ለማሽን ሰጡት። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ማደንዘዣውን ሲቀንሱለት እንደገና ያንዘፈዝፈዋል። ሌላ በሽተኛ ደግሞ ያንኑ ማሽን ይጠብቃል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ አላጣም ነበር። እዚያ በር ላይ ግን አፌ ተያዘ። ማሽኑ ለማን ይገባል? ቀድሞ ለገባው ወይስ ቶሎ ሊድን ለሚችለው? ከእንዲህ ያለው እንቅልፍ ከሳምንታት በኋላ ነቅቶ ቤቱ የገባ አለ፤ ያልገባም አለ። ሦስት ቀን ተስፋ ለመቁረጥ ያንሳል፤ በር ላይ ለሚጠብቀው ግን ይረዝማል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሰውዬው ሰፈራችን ውስጥ ሲወድቅ እኔም ነበርኩ። ክብሪት ጭረን አሸተትነው፤ «አትንኩት፣ ይጋባል» ተባባልን። በሽታው አይጋባም። ክብሪቱም አያድንም። መንዘፍዘፉ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሕክምና ቶሎ ማግኘት አለበት፤ በቆየ ቁጥር ለመድኃኒት አልበገር ይላል። እኛ ግማሽ ሰዓት ከበን ቆምን። በጎኑ ያስተኛው ሰው እንኳ አልነበረም።

ታዲያ ምን አልኳት? «ትንሽ ይታገሡት በያቸው» አልኳት። ፍልስፍና አይደለም፤ ዕዳ ነው። ግን የእኔን ዕዳ ያ ወረፋ የሚጠብቀው በሽተኛ ለምን ይክፈል? እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።