በር የሚከፈትለት ማን ነው?

በአገራችን ልዩ መብት ያለው ማን ነው ተብለን ብንጠየቅ ጣታችን ፈጥኖ ወደ ሌላው ይቀሰራል። የእኔም እንዲሁ ነበር። አባቶቻችን በብዙ የደጋ አውራጃዎች ከርስት ተገልለው በንግድና በሽመና ብቻ እንዲኖሩ መገደዳቸውን እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝና። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝበ ሙስሊም፣ ከጎኑ የተሰለፉት ክርስቲያን ወገኖቹም፣ ያነሡት የእኩልነት ጥያቄ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያን የርስት አጥር አፈረሰው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው።

ሌላውን ግማሽ የተማርኩት ሰቆጣ ላይ ነው። ለሥራ ወደ ዋግ ኽምራ በሄድኩ ጊዜ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ አልኩ። ደጃፉ ላይ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው፤ አማርኛቸው ለሰላምታ እንጂ ለአቤቱታ አይበቃም። እኔ ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ከአዲስ አበባ የመጡት እርስዎ ነዎት? ይግቡ!» ተባልኩ። አመነታሁ። እናትየው በእጃቸው ወደ በሩ እያመለከቱ «ግባ ልጄ፣ መንገደኛ ነህ» አሉኝ። ገባሁ። ስወጣ ቢሮው ለምሳ ሊዘጋ ነው፤ እርሳቸው እዚያው ናቸው።

ለመሆኑ ያስቀደመኝ ምንድን ነው? ጉቦ አልሰጠሁም፣ ዘመድ አልጠራሁም። ያስቀደሙኝ ቋንቋዬና የተማረ ሰው መምሰሌ ናቸው። መንገደኛስ እርሳቸውም ነበሩ፤ እኔ በመኪና፣ እርሳቸው በእግር። ልዩ መብት ማለት እንግዲህ ሳያንኳኩ የሚከፈት በር ነው። የሚከፈትለት ሰው በር መኖሩን እንኳ ልብ አይልም።

ዋግ የዋግሹሞች አገር ነው። እነዚህ ሹማምንት የዘር ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይመዝዙ ነበር፤ ዋግሹም ጎበዜም ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ሆኖም የሹሙ ክብር የገበሬውን ጎተራ አልሞላም። በ1977ቱ ረሀብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃልም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። ስለዚህ ልዩ መብት የየትኛው ብሔር፣ የየትኛው ሃይማኖት ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። በዚህ በር፣ በዚህች ሰዓት ማን ይገባል? ማንስ ደጅ ይጠናል? ብሎ መጠየቅም ይገባል።

«የራሳችን በደል ሳያልቅ ስለ ሌላው?» የሚል ይኖራል። በደልን የቀመሰ ሰው ግን የሌላውን በደል ለማየት ሊቀድም በተገባው ነበር። ሱረቱ ዐበሰን እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ሲነጋገሩ ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም መጣ፤ ከእርሱ ፊት በመዞራቸው ከአላህ ዘንድ ተግሣጽ ወረደ። ለእርሳቸው እንዲህ ከተባለ ለእኛ ምን ሊባል ነው?

ያን ዕለት ከእኔ ይጠበቅ የነበረው «እኚህ እናት ይቅደሙ» ማለት ብቻ ነበር። ሦስት ቃል ነው፤ ያውም በአማርኛ፣ እርሳቸው በሌላቸው እኔ ባለኝ ቋንቋ። አላልኩትም። ወላሁ አዕለም።