ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ዱካክ

ልጆቼ፣ የመሄጃው ቀን ሲቃረብ ብዙዎቻችሁ ሌሊት የሚገጥማችሁን ለሰው መናገር ታፍራላችሁ። ዓይናችሁ ተገልጦ ጣሪያው ይታያችኋል፤ እጅና እግራችሁ ግን እንቢ ይላል። ደረታችሁ ላይ አንድ ከባድ ነገር ተቀምጧል፣ በሩ ሥር ሰው የቆመ ይመስላችኋል፤ እናታችሁን ልትጠሩ ብትሉ ድምፅ የለም። ዱካክ ነው። የባሰው የሚመጣው ሲነጋ ነው፤ «ይህ ጉዞ አይቀናኝም ማለት ነው» የሚለው ሐሳብ። ቪዛው ተመትቶ፣ በርበሬው ተፈጭቶ፣ «ይቅርብኝ» የሚሉም አሉ።

ዱካክ ስለ ጉዟችሁ የሚያውቀው ነገር የለም። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን አስሮ ይይዛል፤ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ወርደን እንዳንሮጥ። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት እንደታሰረ ይቆያል፤ ሕልሙም ሳያልቅ ክፍላችሁ ውስጥ ይቀጥላል። በረጅሙ ለመተንፈስ ስትሞክሩ የደረት ጡንቻ ስለማይታዘዝ የተጫነን ነገር ያለ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ይለቃል። ቱርኮች ካራባሳን፣ ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ በካናዳ የኒውፋውንድላንድ ሰዎች ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት ይላሉ። ለእናንተ ብቻ የተላከ መልእክተኛ ቢሆን ኖሮ እነሱ ዘንድ ምን ወሰደው?

ታዲያ ለምን አሁን? እንቅልፍ ማጣት፣ የተዛባ የመኝታ ሰዓትና ጭንቀት ይጠሩታል። የስንብት ሳምንት ደግሞ ሌላ ምን አለው? እንግዳው እስከ እኩለ ሌሊት፣ ቡናው እስከ በረካ፣ ከ23 ኪሎ ያለፈውን ሻንጣ ፈትቶ ሽሮውን መቀነስ (እናት ዞር ስትል መልሳ ትከተዋለች)፣ የብድሩ ሐሳብ። ዋሽንግተን ስትደርሱም ሰዓቱ ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ሰውነታችሁ ገና እዚህ ነው። ሲያቃስቱ ሰምቶ የሚቀሰቅስ ወንድምም አጠገብ የለም።

አያቶቻችን «በጀርባህ አትተኛ» ሲሉ ልክ ነበሩ፤ በጀርባ ሲተኙ ይበዛል። ዳዊቱን ትራስ ሥር የምታኖሩ፣ አየተል ኩርሲይ ቀርታችሁ የምትተኙ፣ አትተዉ፤ የተረጋጋ ልብ ይተኛል። ለትኬት የተበደራችሁትን ገንዘብ ለጠንቋይ መስጠት ግን ሞኝነት ነው። ጫት የምትቅሙ ደግሞ ስሙኝ፦ በሐረርም በሌላውም ስፍራ ጫት ያቆመ ሰው ዱካክ ይመጣበታል ይባላል፤ ድንገት ሲቋረጥ ቅዠት መኖሩም እውነት ነው። በመጨረሻው ሌሊት አታቋርጡ፤ ቀደም ብላችሁ ቀስ በቀስ ተዉት።

ሲይዛችሁ ከመላው ሰውነታችሁ ጋር አትታገሉ፤ አንድ ጣት ወይም ምላሳችሁን ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። ሲለቃችሁ ወዲያው አትተኙ፤ ተነሥታችሁ ውኃ ጠጡ።

ስለ ጉዞው ያላችሁ ስጋት ግን ከንቱ ነው አልልም። ቤይሩት ወይም ሪያድ የምትሄጂ ልጄ፣ አሠሪሽ ማን ነው? ደመወዝሽ በማን እጅ ይገባል? ፓስፖርትሽን ማን ይይዘዋል? ይህን ቀን ላይ፣ ውል ማንበብ ከሚችል ሰው ጋር ተቀምጠሽ ጠይቂ።

ዱካኩ በየሳምንቱ ከተመላለሰባችሁ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ድንገት ከጣላችሁ፣ ወይም ስትስቁ ጉልበታችሁ ከከዳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በቋንቋችሁ ልታስረዱ በምትችሉበት አገር ሳላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሂዱ።